ደጅ ጥናት በወረቀት

የቀድሞ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ደጅ ይጠና ነበር። ከሹሙ አጥር ሥር ማልዶ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፣ ሲገባም እጅ ይነሣል። ስንቁ አልቆ፣ ጋቢው ነትቦ፣ አንድ ቀን ዓይን ይገባና «ያ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» ይባልለታል። ይህ ልማድ ከባለቤቶቹ ጋር ዐልፏል እያልን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስናስተምር የኖርን መምህራን፣ ዛሬ ካኩማ አሸዋ ላይ ተቀምጠን ስናስበው ያለፈው አጥሩ ብቻ ሆኖ አገኘነው። ደጁ ዛሬም አለ፤ ደጅ ጠኚውም አለ። አሁን የሚጠናው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱም «ፕሮፖዛል» ይባላል።

ውድ አንባቢ፣ በዚች በእጅ እየተገለበጠች በምትዞር ጽሑፋችን ስለ ናፍቆት ተጽፏል፤ ስለ ውሃ ወረፋ ተጽፏል፤ ስለ ታራች ወንዝ ድንገተኛ ሙላትም ተጽፏል። ስለ ገንዘብ አጠያየቅ ግን እስካሁን የጻፈ የለም። ምክንያቱ አይጠፋንም። በአስተዳደጋችን የቸገረው ሰው ጓዳውን ዘግቶ ይውላል እንጂ «አጣሁ» ብሎ አደባባይ አይወጣም። ይሁን እንጂ የማታ ትምህርታችን ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታልና ዝምታው አላዋጣንም። እኛ ስንል ሰባት ነን። ሁላችንም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥተን በየወረዳው ስናስተምር ቆይተን፣ ገና ሠላሳዎቹን ሳንሻገር ስደት ያገናኘን ነን። እዚህ ከመጣን ወዲህ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ የተማርነው ሙያ ቢኖር ርዳታ ሰጪን መፈለግ ነው። ያየነውን ለወገን እናካፍላለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ ለጋሾቹ የሚቆጥሩት በዚያ ነውና።

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ግራንት የሚሉት ገንዘብ ከብድርም ከምጽዋትም ይለያል። ብድር ቢሆን ገንዘቡ ይመለሳል። ምጽዋት ቢሆን ሰጪው ጣል አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። በግራንት ግን ገንዘቡ አይመለስም፤ ሒሳቡ ይመለሳል። ለተወሰነ ሥራ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተፈረመ ውል ይሰጣል፤ ተቀባዩም ምን እንደ ሠራበት በደረሰኝና በሪፖርት ያስረዳል። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ሲጠይቅ ድምፁ አይሰበርም። ለአንድ ሥራ ሁለት ወገን ውል ሲዋዋል አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት ያቀርባልና።

ገንዘቡስ ከወዴት ይመነጫል? አንደኛው ምንጭ መንግሥታት ናቸው። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆርጅ ማርሻል በ1947 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ካደረጉት ንግግር የተነሣው ዕቅድ፣ ከ1948 ጀምሮ በጦርነት ለደቀቀችው ምዕራብ አውሮፓ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል አፈሰሰ። በ1949 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን በበዓለ ሢመታቸው ንግግር፣ በአራተኛ ነጥብነት፣ ላልበለጸጉ አገሮች የሙያ ርዳታ እንዲሰጥ አሳሰቡ። አባቶቻችን «ፖይንት ፎር» ሲሉ የሰማነው ይህንኑ ነው፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዚሁ መርሐ ግብር መጥተው ያቆሙት ነው። በ1970 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሀብታም አገሮች ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ 0.7 ለርዳታ እንዲያውሉ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያልፍ እዚያ ልክ የደረሱት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ምንጭ ባለጸጎች ያቆሟቸው ፋውንዴሽኖች ናቸው። የካርኔጊ በ1911፣ የሮክፌለር በ1913፣ የፎርድ በ1936 ተቋቋሙ፤ ከእነርሱ በኋላ የተነሡት ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። የአሜሪካ የግብር ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ አድራጎት እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል፤ የዚህ ሕግ መሠረት የተጣለው በ1969 ነው። እንግዲህ የፋውንዴሽኑ ሹም በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡን ለአንድ ሰው መስጠት አለበት። እኛ እርሱን እንደምንፈልገው እርሱም ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ፣ ሒሳቡን የሚያወራርድ ሰው ይፈልጋል። ይህን ያወቀ ጠያቂ አንገቱን ደፍቶ አይቀርብም።

ሦስተኛው ምንጭ የራሳችን ኪስ ነው። ዕድራችን፣ ዕቁባችን፣ በውጭ አገር ያለው ዘመዳችን ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። ይህን ምንጭ የምንንቀው ስለ ለመድነው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በስዊድን ርዳታ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ፣ የአካባቢው ሕዝብም ድርሻውን ያዋጣ ነበር። ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ነው። ዛሬ ለጋሾች በቅጻቸው ላይ «የማኅበረሰቡ አስተዋጽኦ ምን ያህል ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ አያቶቻችን በድንጋይና በጭድ የመለሱትን ጥያቄ ነው የሚጠይቁን።

ምንጩ ይህ ሲሆን መንገዱ ግን ረጅም ነው። ገንዘቡ ከለጋሹ መንግሥት ተነሥቶ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ትልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ሰፈራችን ይወርዳል። በየእርከኑ ለቢሮ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለኦዲት የሚሆን ይቀነሳል። ይህ በራሱ ስርቆት አይደለም፤ ሒሳብ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ አይያዝም። የአሜሪካ መንግሥትም ሌላ ስምምነት ለሌለው ተቀባይ ይፈቅድ የነበረውን 10 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ወደ 15 በመቶ አሳድጎታል። የሚያስከፋው ሌላ ነገር ነው። ላይ ያሉት ለቢሯቸው ኪራይ ሲፈቀድላቸው፣ ታች ያለው ስደተኛ ለመብራት ባትሪ ሲጠይቅ «ይህ የአስተዳደር ወጪ ነው» ይባላል። በ2016 ኢስታንቡል ላይ ትልልቅ ለጋሾችና ድርጅቶች ተሰብስበው፣ እስከ 2020 ከሰብዓዊ ርዳታው 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥና ለአካባቢ ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። 2020 ሲደርስ በቀጥታ የደረሰው ከ5 በመቶ በታች ነበር።

ከዚያም 2025 መጣ። ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ አዲስ አስተዳደር የውጭ ርዳታን ለ90 ቀናት የሚያግድ ትእዛዝ አወጣ። በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2025 ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ። ይህ ሩቅ አገር የተጻፈ ወረቀት እኛ ዘንድ ሲደርስ ማሰሮ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት የካኩማ ራሽን ተቀነሰ፤ ሰውም አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። የማታ ትምህርታችንን ይደግፍ የነበረው ድርጅትም (ስሙን መጥራት ለማንም አይጠቅምም) በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰናበተን። የስደተኛ መምህር የሚከፈለው ደመወዝ አይባልም፤ «ኢንሴንቲቭ» ይባላል፤ እሱም ቀረ። ክፍላችን በዚያን ጊዜ 64 ተማሪዎች ነበሩት፤ 41ዱ ሴቶች፣ አብዛኞቹም እናቶች። ቀን እንጨትና ውሃ፣ ማታ ፊደል። ከእነዚህ መካከል ራሽን ሲቀበሉ በአውራ ጣታቸው ሲፈርሙ የኖሩ፣ አሁን ስማቸውን መጻፍ የጀመሩ አሉ። ክፍሉ ይዘጋል ሲባል እነዚህ ሴቶች ወደ አውራ ጣታቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ደጅ መጥናቱን ራሳችን ጀመርነው።

የመጀመሪያው በር የመታወቂያ በር ነው። ለጋሽ ሁሉ «ማን ናችሁ?» ይላል፤ መልሱም በማኅተም ይፈለጋል። የምዝገባ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የ1 ወይም የ2 ዓመት የተመረመረ ሒሳብ ይጠየቃል። ከአሜሪካ መንግሥት በቀጥታ የሚጠይቅ ድርጅት ልዩ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ዳንስ ይባል የነበረው ቁጥር ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ዩኢአይ በሚባል ሌላ ቁጥር ተተክቷል። ለስደተኛ ይህ ሁሉ ዳገት ነው። ቢሆንም በኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግና የ2022 የማኅበረሰብ ቡድኖች ምዝገባ ሕግ ወጥተዋል። ቡድን ለማስመዝገብ የመሥራች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ዝርዝርና ደንብ ያስፈልጋል። ሦስቱም በደብተር ወረቀት ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ሰው ተሰብስቦ የወሰነውን እንኳ የመጻፍ ልማድ ይኑረን። ቃለ ጉባኤ የሌለው ማኅበር በለጋሽ ፊት እንዳልተወለደ ልጅ ነው።

ምዝገባው ለዘገየበት ሌላ መንገድ አለ። የተመዘገበ አንድ ድርጅት ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ፣ ሒሳቡን እየተቆጣጠረ ለትንሹ ቡድን ያስተላልፋል፤ ለዚህም ድካሙ ጥቂት በመቶ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ስንት እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚተላለፍ፣ የሚገዛው ዕቃ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈረም። «በመተማመን ነው» የሚለውን ሰው አክብረን፣ ወረቀቱን ግን እናስፈርመው።

ለስደተኞች ተብለው የተከፈቱ በሮችም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በስደተኞች ለሚመሩ ማኅበራት የፈጠራ ፈንድ በ2022 ጀምሯል። በካምፓላ ስደተኞች ራሳቸው በ2007 ያቋቋሙት «ያሪድ» የተባለ ማኅበር ዛሬ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ሆኖ ለትንንሽ የስደተኛ ማኅበራት ገንዘብ የሚያከፋፍል ኅብረት መሥራች ነው። ትናንት ጠያቂ የነበረ ዛሬ ሰጪ ሲሆን ማየት ልብ ያሞቃል። ለንግድ ሥራ ደግሞ በካኩማና በካሎቤየይ ለነጋዴዎች የታሰበ የውድድር ፈንድ ተቋቁሞ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ በ2018 ባወጣው ጥናት የካኩማን ገበያ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ምጽዋት ጠባቂ የተባለው ሰፈር ይህን ያህል ይሸጣል፣ ይገዛል። ስለዚህ ሱቅ ወይም የልብስ ስፌት መክፈት የፈለገ ሰው የበጎ አድራጎት በር ከሚቆረቁር የንግድ በር ቢያንኳኳ ይሻለዋል። የበሩን ዓይነት መለየት ግማሽ ሥራ ነው። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ፤ ለየትኛው አገር፣ ለየትኛው ሥራ፣ ለምን ያህል ገንዘብ፣ እስከ መቼ የሚለውን በቀይ ብዕር ማስመር፤ አንዱ ካልገጠመ ትቶ ወደ ሌላው መሄድ። የማይገጥመውን ለማስገጠም ሌሊት ማደር ዘይት ማባከን ነው።

ፕሮፖዛል አጻጻፉን በተመለከተ ለመምህር ወገን ምሥራች አለን። ብዙ ሰው የሚፈራው «ሎግ ፍሬም» የተባለ ሠንጠረዥ አለ፤ በ1969 ለዩኤስኤይድ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አራት ረድፍና አራት ዐምድ አለው። ስናገላብጠው በማሠልጠኛ ኮሌጅ ስንት ሌሊት ያደርንበት የትምህርት ዕቅድ ሆኖ አገኘነው። ዓላማው ምንድን ነው? ምን ይሠራል? መሠራቱ በምን ይታወቃል? ምን ቢፈጠር ይሰናከላል? አሠልጣኞቻችን «ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ይረዳሉ» ብለን ስንጽፍ ይሰርዙብን ነበር። «መረዳታቸውን በምን ታያለህ? ተማሪዎች ሁለት ክፍልፋዮችን ይደምራሉ በል» ይሉን ነበር። ለጋሽም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ሴቶችን እናበቃለን» የሚለው ሐረግ ጆሮ ይሞላል እንጂ አይቆጠርም። «በ6 ወር ውስጥ 40 ሴቶች ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የልጃቸውን የክትባት ካርድ ያነባሉ፤ እስከ 1,000 ይደምራሉ» የሚለው ይቆጠራል። ሊቆጠር የሚችል ነገር የጻፈ ሰው፣ ቆጣሪ ሲመጣ አይደናገጥም።

ባጀቱም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ መሥመር ከአንድ ሥራ ጋር መያያዝ አለበት። ጠመኔ ስንት ፓኮ፣ በአንድ ፓኮ ስንት ቀን፣ ዋጋው በካኩማ ገበያ ስንት ነው? ዋጋውን ከራስ አናወጣም፤ ሁለት ሱቅ ጠይቀን እንጽፋለን። «ልዩ ልዩ» የሚል መሥመር ውስጥ ብዙ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ጥርጣሬን በገዛ እጁ ይጠራል። የመምህሩን ኢንሴንቲቭ ማስገባትም አያሳፍርም። መምህሩ በልቶ ማደር እንዳለበት ለጋሹም ያውቃል፤ ስንደብቀው ነው የሚጠረጥረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ባለፈው ዓመት በስልክ መልእክት «ትልቅ ግራንት ወጥቶላችኋል፤ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ሺሊንግ ላኩ» የሚል ለብዙ ሰው ደርሶ ነበር። እውነተኛ ለጋሽ ገንዘብ ለመስጠት ገንዘብ አያስከፍልም። ያልጠየቅነውም ገንዘብ አይወጣልንም። እንዲህ ያለ መልእክት የመጣለት ሰው መልስ ሳይሰጥ ያጥፋው፤ ጎረቤቱንም ያስጠንቅቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። በ14 ወራት 11 ማመልከቻ ጻፍን። ሰባቱ መልስ አላገኙም። ሦስቱ በጨዋ ቃል «እናዝናለን» አሉን። አንዱ ግን «እንሰጣለን» አለ። ገንዘቡ ክፍሉን ለ1 ዓመት የሚያቆይ ነበር፤ የመምህራኑን ኢንሴንቲቭ፣ የፀሐይ መብራት፣ ደብተሩን ሁሉ የሚሸፍን። ከደብዳቤው ሥር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ ነበረ። አንደኛ፣ ክፍሉ «የተጎዱ ሴቶች ማገገሚያ» ተብሎ ይጠራ። ሁለተኛ፣ የ10 ሴቶች ፎቶግራፍ በስደት መንገድ ላይ ከደረሰባቸው ነገር ታሪክ ጋር ይላክ፤ ለሌሎች ለጋሾች የሚታይ ነውና።

ሦስት ማታ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ፣ «ሰው ሳይማር ከሚቀር ፎቶ ቢነሣ ምን ይጎዳል?» አለ። ይህ ክፉ ሰው የተናገረው አልነበረም፤ በዚያ ወር እርሱም ራት የማይበላ ሰው ነበር። ሌላው መለሰለት። «መንገድ ላይ የደረሰባትን ለገዛ ወንድሟ ያልተናገረች ሴት፣ ለማታውቀው ሰው ታውራ?» ክርክሩ በእኛ በሰባታችን መካከል ማለቅ እንደማይገባው የተገለጠልን በሦስተኛው ማታ ነው። ጉዳዩ የእነርሱ ነውና ደብዳቤውን በክፍል ውስጥ ወደ አማርኛ መልሰን አነበብነው።

ዝም ተባለ። ከዚያ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እናት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጆቼ» አሉ፤ «እኔ እዚህ የመጣሁት ስሜን ልጽፍ ነው። ስሜን ሳልጽፍ መልኬ ቀድሞኝ አገር ላገር ይዙር?» ከኋላ የተቀመጠች፣ ሕፃን ያዘለች ወጣት ደግሞ ተነሣች። «እማማ፣ እውነት ነው። ግን ክፍሉ ከሚዘጋ የኔን ያንሱት። ለልጄ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ እፈልጋለሁ» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያን ማታ ፊደል ሳንቆጥር ተለያየን።

በማግስቱ ክፍሉ ራሱ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። ፎቶ መነሣት የፈለገች ትነሣ፤ ደብተሯን ይዛ፣ በምትፈልገው ቃል ስለ ትምህርቷ ትናገር። ስለ መንገዱ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅ፤ የክፍሉም ስም «የማታ ትምህርት» ይሁን። ሁለት ሴቶች ፈቀዱ። ለቀሩት በፎቶ ፈንታ የእጅ ጽሑፋቸውን ላክን፤ ገና ሲጀምሩ የጻፉት ገጽና ከ6 ወር በኋላ የጻፉት ገጽ ጎን ለጎን። አንደኛው ገጽ ላይ ፊደሉ እንደ ተበተነ እህል ነው፤ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ይሄዳል። ይህ እድገታቸውን ከፊታቸው ይልቅ የሚናገር መስሎን ነበር፤ ዛሬም ይመስለናል።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። ውሳኔያችንን እንደሚያከብሩ፣ የዚህ ዙር ገንዘብ ግን ለሌላ አመልካች መሰጠቱን ገለጡልን። የዋጋውን ልክ እንናገር። መምህራኑ ያለ ምንም ኢንሴንቲቭ ቀሩ፤ ከሰባታችን ሁለቱ ቤተሰባቸውን ለመመገብ በገበያ ሸክም ገቡ። የመብራቱ ባትሪ ሞተ። ትምህርቱ በሳምንት ከ5 ማታ ወደ 3 ማታ ወረደ፤ 19 ተማሪዎችም ቀሩ። ሕፃን ያዘለችው ወጣት አልቀረችም። እማማም አልቀሩም። ከሁለቱ ማንኛዋም በሌላዋ ላይ ክፉ ቃል አልተናገረችም።

የቀረነው መዋጮ ጀመርን። በወር 20 ሺሊንግ፣ በኤምፔሳ ወይም በእጅ፤ የሌላት ክፍሉን ትጠርጋለች ወይም ውሃ ታመጣለች፤ ይህም እንደ ገንዘቡ በመዝገብ ይጻፋል። በካኩማ 1 ያሉ ነጋዴዎቻችን ደብተር ሰጡ፤ አንዱ ያገለገለ መብራት አዋሰ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው። ጠቅላላው ገንዘብ ያ ለጋሽ ሊሰጠን ከነበረው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ይሁን እንጂ ያልጠበቅነው ፍሬ አፈራ። ከ9 ወር በኋላ፣ በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር ለሌላ ፈንድ ስናመለክት፣ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍንና «ያለ ውጭ ርዳታ ሥራችሁን ያካሄዳችሁበት ማስረጃ አለ?» ተብለን ተጠየቅን። መዝገቡን ላክን። እያንዳንዱ 20 ሺሊንግ ከነፊርማው አለ፤ ከፊርማዎቹም ብዙዎቹ የአውራ ጣት አይደሉም፤ ስም ናቸው። የማመልከቻው የመጨረሻ ውሳኔ ገና ነው። ቢሰጡንም ባይሰጡንም ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ክፍሉ ይከፈታል።

ከዚህ ሁሉ የያዝነው አንድ መለያ አለ። ለለጋሽ ሊሰጥ የሚገባው ነገርና ሊሰጥ የማይገባው ነገር ይለያያሉ። ሒሳባችን፣ ቁጥራችን፣ ደረሰኛችን፣ የተማሪው ውጤት፣ የሥራችን ድክመት እንኳ ይሰጥ፤ ይህን የሚደብቅ ሰው ገንዘብ መጠየቅ የለበትም። የሰው ቁስል ግን የክፍሉ ንብረት ስላልሆነ በክፍሉ ስም አይፈረምበትም። ባለቤቱ ሊሰጠው ከወደደ የእርሱ ፈንታ ነው፤ ከመጠየቁ በፊት ግን «እምቢ» የማለት እውነተኛ ዕድል ሊኖረው ይገባል። የራበውን ሰው «ፈቅደሃል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ለጋሽን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት ስንፍናን ይሸፍናል። ብዙዎቹ ደብዳቤያችንን የሚያነቡት ሰዎች እንደኛው በአለቃና በቀነ ገደብ መካከል የተያዙ ሠራተኞች ናቸው። ግልጽ ጽሑፍ ስንልክላቸው ሥራቸውን እናቀልላቸዋለን፤ «ለምን አልተቀበላችሁንም?» ብለን በትሕትና ስንጠይቅም አንዳንዶቹ በዝርዝር መልሰውልናል። ከእምቢታዎቹ የተማርነው ከአንዱ እሺታ ይበልጣል።

በመጨረሻም አንድ ጉዳይ ለወገኖቻችን እናሳስባለን። በየሰፈሩ የልጆች ማቆያ የጀመራችሁ፣ የቡና ማኅበር ያቆማችሁ፣ የታመመ የምትጠይቁበት ዕድር ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በማታው ትምህርት ክፍል እንቀመጣለን። ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቃለ ጉባኤ ካለ ቃለ ጉባኤ፣ ከሌለ የአባላቱን ስም ብቻ። ደንብ አብረን እናረቅቃለን፤ ባጀት አብረን እንደምራለን፤ በእንግሊዝኛ የመጣውን ማስታወቂያም መልሰን እናነብላችኋለን። ለዚህ የምንጠይቀው ክፍያ የለም። ደብተር የሌለው ግን አንድ ደብተር ይግዛና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ይጻፍ፤ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።